ከማሳደጊያ የሚወጡ ወጣቶችን ስንሸኝ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በቤተሰብ ሕጋችን ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው ለአካለ መጠን ደረሰ ይባላል። ብዙ ማሳደጊያዎችም በዚሁ ዕድሜ አካባቢ ያሰናብቱታል። ወላጅ ያለው ልጅ ግን 18 ዓመት ስለሞላው ብቻ ከቤት አይወጣም። ቢወጣም ሥራ ሲያጣ ይመለሳል። ቢታመም አጥሚት የሚያፈላለት አያጣም። የማሳደጊያ ልጅ ተመልሶ የሚገባበት ቤት የለውም። ስለዚህ አሸኛኘቱን ደጋግመን ልናስብበት ይገባል።

አንዱ ስህተት ዝግጅቱን ለመጨረሻዎቹ ሳምንታት ማቆየት ነው። ማሳደጊያ ውስጥ ወጥ የሚሠራው በትልቅ ድስት፣ ለብዙ ሰው ነው። እዚያ ያደገች ልጅ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ለስንት ቀን እንደሚበቃት ከየት ትወቅ? ይህ በአንድ ቀን ሥልጠና አይለመድም። ገና በ15 እና 16 ዓመቷ የሳምንት አስቤዛ ብር ይሰጣትና ራሷ ገበያ ትውጣ። ሐሙስ ላይ ብሩ ቢያልቅባት እንኳ ጾሟን አታድርም።

ወረቀትም አይረሳ። የልደት ምስክር ወረቀት፣ ፋይዳ፣ የነዋሪነት መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃ፤ ሁሉም ከመውጣቷ በፊት እጇ ይግባ። ከወጣች በኋላ ተከራይ ናት። አከራይ ደግሞ መታወቂያ እንድታወጣ ሁሌ በቤቱ ቁጥር አያስመዘግብም።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ የዋስ ጉዳይ ነው። ገንዘብ ያዥ፣ ንብረት ክፍል ወይም ጥበቃ ሆኖ ለመቀጠር ብዙ ቦታ «ተያዥ አለህ?» ይባላል። ዋሱ ደመወዝተኛ መሆን አለበት፤ ከመሥሪያ ቤቱም ደብዳቤ ያጽፋል። ሌላው ልጅ አጎቱን ይዞ ይሄዳል። የማሳደጊያው ልጅ ፈተናውን አልፎ እዚህች ወረቀት ላይ ይቀራል። ችሎታ አንሶት ሳይሆን ሰው አጥቶ! ማንም ደግሞ ለማያውቀው ሰው ዋስ አይሆንም። ስለዚህ ልጁ ከመውጣቱ ከዓመት በፊት ከሰዎች ጋር ይተዋወቅ፤ ከሰፈር ሰው፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ሰው፣ ቀድመውት ከወጡና ሥራ ከያዙ ልጆች ጋር። ቤታቸው ይግባ፣ ይወቁት። ያኔ ደብዳቤውን መጠየቅ አይከብድም።

የመቋቋሚያ ብሩን ባንዴ ማስጨበጥም ጉዳት አለው። ጓደኛ አበድረኝ ይላል፣ ደላላ ይሽቀዳደማል። ቢቻል በየወሩ ይሰጥ፤ ቤት ሲፈለግም አንድ ትልቅ ሰው አብሮ ይሂድ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መቀበልን ይከለክላል፤ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዝገብም ይላል። ልጆቹ ይህን አውቀው ይውጡ። አብረው ያደጉ ሁለት ልጆች ደባል መሆን ከፈለጉም አትለያዩአቸው፤ ኪራዩም ብቸኝነቱም ይቀላል።

የመጨረሻው ስህተት ልጅቷ በሩን ስትወጣ ፋይሏን መዝጋት ነው። የተባበሩት መንግሥታት በ2009 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የአማራጭ እንክብካቤ (ከወላጅ ውጭ የሚያድጉ ልጆች አያያዝ) መመሪያ ከወጡ በኋላም ክትትል እንዲደረግላቸው፣ ከተቻለም ለእያንዳንዱ ልጅ ራሱን እንዲችል የሚያግዘው ሰው እንዲመደብለት ይጠይቃል። ያ ሰው ማን እንደሆነ ልጅቷ ሳትወጣ ትወቅ። ስልኩን የሚያነሳ ይሁን። በወር አንዴ እንኳ ቤቷ ሄዶ ይይ፦ በልታለች? ኪራይ ከፍላለች? በዓል ሲደርስ ደግሞ ቀድሞ ይደውልና የት እንደምትውል ይጠይቃት፤ የምትሄድበት ከሌላት ቤቱ ይጥራት።