ለበዓል ቤታችሁ እውነተኛ የጥድ ሽታ እንዲሸት

በጥድ ሽታ ስም የሚሸጠው ስፕሬይ መጀመሪያ ላይ ደስ ይላል ከዛ ራስ ምታት ነው፣ እኔ ቅርንጫፉን ራሱን ቤት አስገቡት ነው የምለው። ሽታው ያለው ቅጠሉ ውስጥ ባለው ሙጫ ነው፣ እዛ ውስጥ ፓይኒን የሚባል በቀላሉ የሚተን ነገር አለ እና ቅጠሉ ሲደርቅ ሽታውም እየቀነሰ ይሄዳል፣ ስለዚ ትልቁ ስራ እንዳይደርቅ ማድረግ ነው።

ስትመርጡ ቅጠሉን በጣታችሁ ጨፍለቅ አድርጋችሁ አሽትቱት፣ ያኔ ካልሸተተ ቤት ገብቶም አይሸትም። ነቅነቅ ስታደርጉትም ቅጠሉ ከረገፈ ተዉት በቃ።

ቤት ስትደርሱ የግንዱን ጫፍ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል እንደገና ቁረጡት፣ ይቺን ብዙ ሰው ይዘላታል ግን የተቆረጠው ቦታ በሙጫ ስለሚደፈን ውሃ መሳብ ያቅተዋል። ከዛ ባልዲ ውሃ ውስጥ አሳድሩትና በማግስቱ ውሃ ባለው የአበባ ማስቀመጫ አድርጉት፣ ውሃውን በየጊዜው ቀይሩለት፣ ቅጠሉ ላይም ውሃ ርጭት ርጭት አድርጉበት። ግድግዳ ላይ የምትሰቅሉት ከሆነ ውሃ ስለማያገኝ ቶሎ ይደርቃል፣ እሱን በየሳምንቱ መቀየር ነው። ከሂተር፣ ከፀሐይ በተለይ ደግሞ ከሻማ አርቁት፣ የደረቀ ጥድ ሲቀጣጠል አደገኛ ነው።

እንግዳ ሊመጣ ሲል ደግሞ ድስት ውስጥ አንድ እፍኝ ቅጠል፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ አንድ እንጨት ቀረፋና ሁለት ሶስት ቅርንፉድ ጨምራችሁ ውሃ ሙሉበት፣ ሲፈላ እሳቱን ዝቅ አድርጉና ክዳኑን ክፈቱት፣ ቤቱ በሙሉ ይሸታል፣ ብቻ ውሃው እንዳያልቅ እያያችሁ ጨምሩ፣ ጥላችሁትም እንዳትወጡ። ሮዝመሪ ካላችሁ ጣል አድርጉበት፣ እሱም ፓይኒን ስላለው ከጥዱ ጋር በደንብ ይሄዳል። የማታውቁትን ዛፍ ግን እንዳትቀቅሉ፣ ታክሰስ የሚባለው ቀይ ፍሬ የሚያወጣ ዛፍ ጥድ ይመስላል ግን መርዝ ነው።

ድመት ያላችሁ ሰዎች የጥድ ዘይት በዲፊውዘር (ሽታ ቤት ውስጥ በሚረጨው መሳሪያ) ባትጠቀሙ ይሻላል፣ የድመቶች ጉበት እነዚህን ዘይቶች በደንብ አያጣራም።

የረገፈውን ቅጠል አትጣሉት፣ በደንብ አድርቃችሁ ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ አድርጉና ልብስ መሀል አስቀምጡት፣ ሽታው ሲቀንስ በእጃችሁ እሽት እሽት ስታደርጉት ይመለሳል። ሙጫው እጃችሁ ላይ ከተጣበቀ ደግሞ መጀመሪያ በምግብ ዘይት እሹት ከዛ በሳሙና ታጠቡ፣ ሳሙና ብቻውን አያስለቅቀውም።