አሮጌ የአደን ጠመንጃ ሲገዙ ምን መታየት አለበት? ከተገዛ በኋላስ እንዴት ይያዛል?

ጎንደር ውስጥ አሮጌ ጠመንጃ ለሽያጭ ሲቀርብ ከብረቱ ቀድሞ የሚወጣው ታሪኩ ነው። አንዱ ሻጭ መሣሪያው ዓድዋ የዋለ መሆኑን ይምላል፤ ሌላው ከታወቀ አርበኛ እጅ በውርስ እንደ መጣ ይተርካል፤ ሦስተኛው ደግሞ በሰሜን ተራሮች ስንት አውሬ እንደ ጣለ ይቆጥራል። ታሪኩን በአክብሮት ማዳመጥ የወግ ነው፤ ዋጋ መቁረጥ ያለበት ግን ብረቱ ላይ በሚነበበው ነው። በቃታው (ጥይቱን እያስገባ በሚዘጋው ተንሸራታች ብረት) ቤት ወይም አረሩ በሚወጣበት ቱቦ ሥር የተመታው ዓመት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን እያስታወሱ ይመልከቱት። በ1930ዎቹ ቤልጅግ አገር ኤርስታል ላይ የተሠራ ማውዘር በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ሊውል አይችልም፤ ሻጩ ቢምልም ማኅተሙ አይምልም።

ብረቱን ከማየት በፊት ግን ወረቀቱ መታየት አለበት። በአገራችን የጦር መሣሪያ መያዝ፣ መግዛትና መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚመራ ሲሆን፣ ያለ ፈቃድ የሚደረግ ግብይት ሻጩንም ገዢውንም በወንጀል ያስጠይቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ሻጩ ቤት ሳይሆን ወደሚመለከተው የቁጥጥር አካል ነው፤ እዚያም ለእርስዎ ፈቃድ የሚሰጥ መሆኑን፣ ሻጩ ማስተላለፍ የሚችል መሆኑንና የመሣሪያው ቁጥር በስሙ የተመዘገበ መሆኑን ያረጋግጡ። «የአያቴ ነው፣ ማን ይጠይቀኛል?» የሚለው አባባል በገጠሩ የተለመደ ቢሆንም ዝምድና ፈቃድን አይተካም። ክልሉ ባለበት የጸጥታ ሁኔታ ደግሞ ወረቀት የሌለውን መሣሪያ ለማየት ብቻ ይዞ መንቀሳቀስ እንኳ የሕይወት ጉዳይ ሊሆን ስለሚችል፣ ፈቃዱ ካልተሟላ ነገሩን እዚያው መተው ይሻላል።

ፈቃዱ ከተገኘ ቀጥሎ የሚመጣው የትኛው ዓይነት ይሻላል የሚለው ጥያቄ ነው። በአካባቢያችን ስማቸው የሚነሣው ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ቤልጅግና የጣሊያኑ ካርካኖ ናቸው። ውጅግራ የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1874 የያዘው፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ የቱቦው ውስጥ 11 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መሣሪያ ሲሆን፣ የተሠራውም ለጥቁር ባሩድ ነው። ጭስ አልባ ባሩድ የሚፈጥረውን ግፊት እንዲሸከም ስላልተሠራ፣ እንደ ቅርስ ይያዝ እንጂ ለተኩስ አይመረጥም። ካርካኖ በብዛት የሚገኝበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻው የጣሊያን ጦር በጄኔራል ጉሊዬልሞ ናሲ መሪነት እጁን የሰጠው እዚሁ ጎንደር፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነበር። ርካሽና ቀላል ቢሆንም፣ ስድስት ጥይት አንድ ላይ ከሚይዛቸው የብረት ማቀፊያ ጋር ስለሚጎርስ፣ ማቀፊያው ከጠፋ ነጠላ ተኳሽ ሆኖ ይቀራል።

ለአደን ታስቦ የተሠራ፣ ዓይንም እጅም የሚወደው ክላሲክ መሣሪያ የሚፈልግ ሰው ግን በእኔ እምነት ከሁለት አንዱን ቢይዝ አይቆጭም። አንደኛው ኦስትሪያ ውስጥ ሽታየር ላይ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ1903 የወጣው ማንሊኸር ሾናወር ነው፤ የአደን ሞዴሉ አጭር ሆኖ እንጨቱ እስከ አፈሙዙ ድረስ የሚዘልቅ ሲሆን፣ አምስቱ ጥይቶች በሚሽከረከር መያዣ ውስጥ ተራ በተራ ይቀመጣሉ። ቃታውን በሁለት ጣት ይዘው ወደ ኋላ ሲስቡት በራሱ ክብደት የሚንሸራተት ያህል ይለሰልሳል፤ አሸዋ እንደ ገባበት የሚያንኳኳ ከሆነ ወይ ተጎድቷል፣ ወይም ከሌላ መሣሪያ የመጣ ቃታ ነው። ሁለተኛው በማውዘር 98 አሠራር የተሠራው ነው። ቀለሁን የሚጎትተው ረጅም ጥፍር ጥይቱን ከካዝናው ሲወጣ ጀምሮ ቂጡን ይዞ ስለሚያስገባው፣ በጥድፊያ ጊዜም ሁለት ጥይት ተደራርቦ አይጣበቅም። ቤልጅግ የምንለውም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ለኢትዮጵያ ከተሠሩት መካከል የአንበሳ ምልክት የተመታባቸው ስላሉ፣ ምልክቱ ሳይፋቅ የቆየው ከፍ ያለ ግምት ቢሰጠው ተገቢ ነው። በነገራችን ላይ አንዳንድ ሻጭ ቃታ ያለውን ሁሉ ምንሽር ስለሚለው፣ ስሙን ትተው ማኅተሙን ያንብቡ።

ምርመራው የሚጀምረው ባዶ መሆኑን በማረጋገጥ ነው፤ አፈሙዙን ወደ ሰው ወደማያመለክት አቅጣጫ አዙረው፣ ቃታውን ከፍተው፣ ካዝናውንና ጥይት ቤቱን በዓይንም በትንሿ ጣትም ይፈትሹ። ሻጩ «ባዶ ነው» ካለዎት በኋላም እንዲሁ ያድርጉ። ከዚያ ቃታውን ሙሉ በሙሉ አውጥተው ከኋላ በኩል ወደ ብርሃን ይመልከቱ። ንጹሕ ጨርቅ ሳያሳልፉ ማየት ዋጋ የለውም፤ ብልህ ሻጭ ቱቦውን በወፍራም ዘይት ሞልቶ ዝገቱን ይሸፍነዋልና። ጨርቁ ካለፈ በኋላ የውስጡ ሸንተረር ጠርዙ የጠራ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍም እኩል የሚያበራ መሆን አለበት። ጥቂት የጠቆረ ነጠብጣብ የአሮጌ መሣሪያ ጠባይ ነውና አያስደንግጥ፤ በአንድ ቦታ ላይ እንደ ቀለበት የሚዞር ጥላ ከታየ ግን ቱቦው በአንድ ወቅት ተደፍኖ ተተኩሶበት ያበጠ ስለሆነ ይተዉት። የአፈሙዙን ከንፈር ደግሞ ለብቻው ይመርምሩ፤ በብረት ዘንግ ከፊት በኩል ለዓመታት የተወለወለ መሣሪያ መሀሉ ጤነኛ ሆኖ ከንፈሩ ሞላላ ሆኖ ይገኛል፤ እንዲህ ያለው አነጣጥረው የማይመታበት ምክንያት ለብዙዎች እንቆቅልሽ ይሆናል።

በቃታው ላይ የተመታው ቁጥር በቤቱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ያመሳክሩ። ቁጥሮቹ ከተለያዩ ዋጋው የሚወርደው ለሰብሳቢ ብቻ አይደለም፤ ከሌላ መሣሪያ የመጣ ቃታ ጥይቱን በትክክለኛው ርቀት ላይ ላይዘጋ ስለሚችል አደጋም አለው። ይህ ርቀት የሚለካው በመለኪያ ብረት ስለሆነ በመሣሪያ ጥገና ባለሙያ ማሳየት ያስፈልጋል። ባለሙያው እስኪያየው ድረስ ግን አንድ ምልክት አለ፤ በዚያ መሣሪያ የተተኮሱ ቀለሆች ካሉ ከቂጣቸው ትንሽ ከፍ ብሎ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ወይም የፀጉር ያህል ስንጥቅ ይፈልጉባቸው። ከተገኘ ቀለሁ እየተለጠጠ ሊበጠስ የተቃረበ ነውና በዚያ መሣሪያ መተኮስ አይገባም።

እንጨቱን በሚመለከት፣ ሰደፉ ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት አንገት ላይ በጥፍር ጫፍ እየዳሰሱ ስንጥቅ ይፈልጉ፤ ግፊቱ ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ነው። አንገቱ ላይ የተሰፋ ቆዳ ያለበት መሣሪያ ያማረ ቢመስልም፣ ቆዳው ብዙ ጊዜ የሚሸፍነው ስብራት ስለሆነ ተፈትቶ እንዲታይ መጠየቅ ነውር የለውም። የቀድሞው እንጨት በዋንዛ ወይም በሌላ የአገር እንጨት የተተካ ከሆነ የእጅ ሥራው ቢደነቅም የፋብሪካ ዋጋ አይከፈልበትም። እንደገና ጠቁሮ የተቀባ ብረትም በቀላሉ ይታወቃል፤ ጥቁረቱ አዲስ ሆኖ የፊደሎቹ ጠርዝ የደበዘዘና የቡሎኖቹ ራስ የተላጠ ከሆነ ዝገቱ በሞረድ ተፍቆ ነው። እኔ ከእንደዚህ ያለው ይልቅ ቡኒ ሆኖ ያረጀውን፣ እጅ ያልነካውን እመርጣለሁ።

ገዢዎች እምብዛም የማያስቡበት፣ ከሁሉም ግን አደገኛው ጉዳይ ጥይት ነው። «6.5 ነው» የሚለው መልስ መልስ አይደለም፤ የመጀመሪያው ቁጥር የስፋቱ፣ ሁለተኛው የቀለሁ ርዝመት በሚሊ ሜትር ነውና ሁለቱም መታወቅ አለባቸው። የካርካኖው 6.5 በ52፣ የማንሊኸር ሾናወሩ 6.5 በ54፣ የስዊድኑ ማውዘር ደግሞ 6.5 በ55 ሲሆኑ፣ አንዱ በሌላው አይተካም። ከዚህ የከፋው የ8 ሚሊ ሜትሩ ነው። የጀርመኑ 8 በ57 መጀመሪያ ሲወጣ አረሩ 8.08 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ነበረው፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት ወደ 8.2 ሚሊ ሜትር አደገ፤ ቀለሁ ግን አልተለወጠም። በዚህም የተነሣ አዲሱ ጥይት በአሮጌው ጠባብ ቱቦ ውስጥ ያለ ችግር ይገባል፣ ቃታውም ይዘጋል፤ ሲተኮስ ግን ሰፊው አረር በጠባቡ ቱቦ ውስጥ እየተጨመቀ ግፊቱን ከመጠን በላይ ያንረዋል። የአደን ጠመንጃ ሠሪዎች ጦሩ ከተወው በኋላም ለዓመታት ጠባቡን መሥራት ስለቀጠሉ የሥሪቱ ዓመት ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ቱቦው መለካት አለበት። በገበያ ላይ በከረጢት የሚዞር፣ ሣጥኑ የጠፋ ጥይት አይግዙ። ቀለሁ ያረነጓደ፣ አረሩ በጣት ሲነካ የሚነቃነቅ ጥይትም አይጎረስም።

መሣሪያው ከተመረመረ፣ ጥይቱም ከተገኘ በኋላ የሚመጣው ደስታ ዝግ ያለ ደስታ ነው። በተፈቀደ የተኩስ ልምምድ ቦታ፣ ከበስተጀርባው የአፈር ግርዶሽ ባለበት፣ ከ50 ሜትር ቢጀምሩ ይመከራል። የድሮ አውሮፓ ሰደፍ በመነጽር ሳይሆን በዓይን ለሚያነጣጥር ሰው የተሠራ ስለሆነ ወደ ታች ዘንበል ይላል፤ ጉንጭዎን ሲያሳርፉ ማነጣጠሪያው ራሱ ዓይንዎ ፊት ይመጣል። አንዳንዱ ማንሊኸር ሁለት ምላጭ አለው፤ የኋላው ሲሳብ ቀጭ ብሎ ይዘጋጃል፣ ከዚያ በኋላ የፊተኛው በትንፋሽ ያህል ንክኪ ይተኩሳል። ስለዚህ የኋላው ምላጭ ከተሳበ በኋላ ዒላማውን ትተው ወሬ መጀመር ፈጽሞ የማይገባ ነው። መነጽር ለመግጠም ብለው ብረቱን የሚበሱ ሰዎችን አልደግፍም፤ ያ ቀዳዳ አይሞላም፣ የመሣሪያውንም ውበትና ዋጋ ይዞ ይሄዳል።

በሠርግና በጥምቀት ወደ ሰማይ መተኮስ እንደ ክብር የሚቆጠርበት ልማድ አለን። የእነዚህ ጠመንጃዎች ጥይት ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ ስለሚችል፣ ከአንድ ግቢ የተተኮሰው በሌላ ሰፈር ሰው ላይ ይወርዳል። አደንን በተመለከተም የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመ፣ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ጥብቅ ስፍራ ስለሆነ፣ በዚያ ማደን ክልክል ነው፤ ዋልያም በዓለም ላይ ከዚያ ሌላ የተፈጥሮ መኖሪያ የለውም። በሌላ ስፍራ ማደን የሚፈልግ ሰው ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ለእንስሳው ዓይነትና ለስፍራው የተለየ ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ የመሣሪያ ፈቃዱ ብቻውን የአደን ፈቃድ አይሆንም።

እንክብካቤውን የሚያከብደው የጎንደር ክረምት ነው። አሮጌ የጦር ሠራዊት ጥይት የተተኮሰበት ቱቦ ውስጥ ከማቀጣጠያው የሚቀር ጨው አለ፤ ይህ ጨው እርጥበት እየሳበ በቀናት ውስጥ ብረቱን ያዝገዋል፤ በዘይት ደግሞ አይሟሟም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በዚያው ዕለት ቃታውን አውጥተው በቱቦው ውስጥ የፈላ ውሃ ያሳልፉ፣ ከኋላ ወደ ፊት በደረቅ ጨርቅ ደጋግመው ይወልውሉ፣ ብረቱ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ስስ የማሽን ዘይት ያስነኩት። የቃታውን ፊትና መርፌውንም አይርሱ። ቅቤና የምግብ ዘይት እንደ ሙጫ ስለሚደርቁ ከብረት ሊርቁ ይገባል። ለእንጨቱ ግን የተልባ ዘይት የሚወዳደረው የለም፤ ጥቂት ጠብታ በመዳፍ እስኪሞቅ ማሸት፣ ትርፉን መጥረግ፣ ሳይቸኩሉ እስኪደርቅ መተው፣ ከዚያ መድገም። አብዝቶ መቀባት የሚያጣብቅ ቆዳ ይፈጥራል።

መሣሪያውን በቆዳ አፎት ውስጥ ከትቶ ማስቀመጥ ቢያምርም ቆዳው እርጥበት ስለሚይዝ በክረምት ይጎዳዋል፤ ምድጃ በላይ በግድግዳ መስቀልም እንዲሁ፣ ጥቀርሻው ብረቱን ይበላዋል። ልጆች በማይደርሱበት በተቆለፈ ሣጥን፣ ቃታውን ከጥይቱና ከመሣሪያው ለይተው ያስቀምጡ፤ ከሰኔ እስከ መስከረም በየሁለት ሳምንቱ አውጥተው ቱቦውን ይመልከቱ። የፈቃዱንና የሽያጩን ወረቀት ቅጂ፣ የመሣሪያውን ቁጥርና የጥይቱን ትክክለኛ ልክ የያዘ ጽሑፍ ለቤተሰብዎ በሌላ ቦታ ይተዉላቸው፤ ወራሽ ጠመንጃውን ከማንሣቱ በፊት በስሙ ማስመዝገብ ወይም ለተቆጣጣሪው አካል ማስረከብ እንዳለበትም በዚያው ጽሑፍ ላይ ይስፈር።