ከባዮና እስከ ሳግሬሽ፦ በፖርቱጋል ዳርቻ በሸራ ሲወርዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በስፔን ጋሊሲያ ካለችው ባዮና ተነሥቶ የፖርቱጋልን ምዕራባዊ ዳርቻ ይዞ ሳግሬሽ አጠገብ እስካለው ሳው ቪሴንቴ ጫፍ ለመውረድ ከ300 የባሕር ማይል በላይ መጓዝ ያስፈልጋል። በአውሮፓ በጋ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ስለሚነፍስ ወደ ደቡብ የሚሄደውን ጀልባ ከኋላ ይገፋዋል። ካርታውን ገልጦ ያየ ሰው «አንድ ሳምንት ይበቃኛል» ቢል አይፈረድበትም፤ እኔም ብዬ ነበር። ነገር ግን ይህ ዳርቻ ከአትላንቲክ ሞገድ የሚከልለው ነገር የለውም። ከጉዞው ቀናት ብዙዎቹ ወደብ ውስጥ በመጠበቅ ያልፋሉ፤ አብዛኛው ስህተትም የሚሠራው በዚያ የመጠበቅ ጊዜ ነው።

ቀን ቆርጦ መነሣት

ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። ወዳጅ ዓርብ በአውሮፕላን ሊዝበን ይደርሳል፣ የእረፍት ፈቃድ እሑድ ያልቃል፣ ከዚያም ባሕሩን ሳይሆን ቀን መቁጠሪያውን እያዩ መጓዝ ይጀመራል። አንድ ዓመት እንግዳ ለመቀበል ቸኩዬ ፖርቶ አጠገብ ካለው ከሌይሾይሽ ወደብ ወጣሁ። ነፋሱ ደኅና ነበር፤ ሞገዱ ግን እያደገ መሆኑን ጠዋት አንብቤያለሁ። 65 ማይል ያህል ተጉዤ ፊጌይራ ዳ ፎዝ ወደብ ደጃፍ ስደርስ በሞገዱ ምክንያት መግቢያው ተዘግቷል። በጨለማ ሌላ 35 ማይል ወርደን ናዛሬ የገባነው ሊነጋ ሲል ነው። አብራኝ የነበረችው እኅቴ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሳት አደረ። እንግዳው ሊዝበን ውስጥ ሁለት ቀን ቢቆይ ምንም አይጎዳም ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ለሚቀላቀልዎ ሰው ወይ ቀኑን ወይ ቦታውን ይንገሩት፤ ሁለቱንም አይቁረጡለት። በዚህ ዳርቻ ባቡርና አውቶቡስ አለ፤ እሱ ወዳሉበት ወደብ ይምጣ።

ነፋስን ብቻ ማንበብ

ብዙ ሰው ትንበያ ሲከፍት ዓይኑ ነፋሱ ላይ ያርፋል። እዚህ ግን ፈራጁ ሞገዱ ነው። «የሞገድ ከፍታ 2 ሜትር» የሚለው ቁጥር ከትላልቆቹ አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት ሞገዶች አማካይ እንጂ የትልቁ ሞገድ ልክ አይደለም። በመካከላቸው እጥፉን የሚጠጋ ሊመጣ ይችላል።

ከከፍታው ጎን የተጻፈውን ሰከንድም አይለፉት። በየ14 ሰከንዱ የሚደርስ ሞገድ እጅግ ሩቅ ቦታ በነበረ ማዕበል የተወለደ ነው። ጥልቅ ውኃ ላይ ጀልባዋን በዝግታ አንሥቶ ያወርዳታል፤ ሰውም እምብዛም አያስተውለውም። ጥልቀቱ ሲያጥር ግን ከፍ ይልና ይሰበራል። ፀሐይ ወጥታ፣ ነፋስ ጸጥ ብሎ፣ የወደቡ አፍ ነጭ አረፋ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

መግቢያውን ሳያረጋግጡ መውጣት

ፊጌይራ ዳ ፎዝ በሞንዴጎ ወንዝ አፍ ላይ ያለች ወደብ ናት። ወንዙ የሚያመጣው አሸዋና የባሕሩ አሸዋ ደጃፉ ላይ ይከማቻል። የባሕሩ ሙላት ሲጎድል ወደ ውጭ የሚፈስሰው ውኃ ከሚመጣው ሞገድ ጋር ይጋጫል፤ ሞገዱም ቀጥ ብሎ ይቆምና ይደረመሳል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 አንዲት የዓሣ አጥማጆች ጀልባ እዚሁ መግቢያ ላይ ተገልብጣ አምስት ሰዎች ሞተዋል። ዕድሜያቸውን በባሕር ላይ የኖሩ ሰዎች የሚሞቱበት ደጃፍ ለእንግዳ አይራራም።

ስለዚህ ከመነሣትዎ በፊት የመድረሻውን ወደብ አስተዳደር በስልክ ወይም በሬዲዮ ይጠይቁ፤ መግቢያው ክፍት ነው ቢሉዎትም ውኃው እየሞላ ባለበት ሰዓት ለመድረስ ያስሉ። ቢዘጋስ ወዴት እንደሚሄዱም አስቀድመው ይወስኑ። ሌይሾይሽ፣ ናዛሬ፣ ካሽካይሽና ሲንሽ ሌሎቹ ሲዘጉ ብዙውን ጊዜ የሚያስገቡ ናቸው። ናዛሬ ሲባል የሚደነግጥ አለ፤ በዓለም የታወቁት ግዙፍ ሞገዶች የሚነሡት እዚያ ነውና። እነዚያ ግን ከከተማዋ አለታማ ጫፍ በስተሰሜን ናቸው። ወደቡ ያለው በደቡብ ሲሆን፣ ከባሕሩ ወለል ሥር ያለው ታላቅ ገደል እስከ ዳርቻው ድረስ ስለሚቀርብ ውኃው ደጃፉ ላይ ጥልቅ ነው። እኔንም ያን ሌሊት ያስጠጋኝ ይኸው ገደል ነው።

ረፋዱን በወደብ አሳልፎ ከሰዓት በኋላ መነሣት

በበጋ የአይቤሪያ ምድር ሲግል የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ በአዞረስ ደሴቶች አካባቢ ያለው ከፍተኛ ግፊት ደግሞ አየሩን ወደዚያ ይገፋል። ፖርቱጋሎች «ኖርታዳ» የሚሉት የሰሜን ነፋስ ከዚህ ይወለዳል። ጠዋት ለስላሳ ነው፤ ከቀትር በኋላ ይበረታል፤ ሲመሽ ይደክማል። ትንበያው 20 ኖት (በሰዓት 20 የባሕር ማይል) ሲል አማካዩን ነው፤ ድንገት የሚመታው ከዚያ በ40 በመቶ ሊበልጥ ይችላል። በካቦ ዳ ሮካ፣ በዋናው አውሮፓ ምድር ምዕራባዊ ጫፍ፣ ነፋሱ መሬቱን ሲዞር ይፈጥናል። ከሲንትራ ተራራ ላይ እየተወረወረ ካሽካይሽ ላይ የሚወርደው ደግሞ ማምሻውን እንኳ ያይላል።

ጎሕ ሲቀድ ይነሡ፤ ጫፉን ከቀትር በፊት ይለፉ። ሸራውንም ከጫፉ በፊት፣ እጅ ሳይጨናነቅ ያሳጥሩ።

ካሽካይሽ ላይ መጠበቅ የቆየ ሥራ ነው። ከሕንድ የሚመለሱ መርከቦች ሊዝበን ወዳለችበት ወደ ቴዦ ወንዝ ከመግባታቸው በፊት በዚያ መልሕቅ ይጥሉ ነበር። የአፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ ጸጋ ዘአብም እ.ኤ.አ. በ1527 በባሕር ሊዝበን የደረሰው ከሕንድ በተመለሱ መርከቦች ነው።

ወደ መሬት መጠጋትን መከለያ ማድረግ

እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ኦርካ የሚባሉት ትልልቅ ጥቁርና ነጭ የባሕር እንስሳት በዚህ ዳርቻ የጀልባን አቅጣጫ ማስያዣ መሪ እየመቱ ስለሚሰብሩ፣ ከ20 ሜትር በማይበልጥ ጥልቀት መጓዝ ይመከራል። ምክሩ መልካም ነው፤ ሞገዱ ረጅም በሆነበት ቀን ግን በዚያ ጥልቀት መጓዝ ሌላ አደጋ ነው። ሁለቱን ማስታረቅ ካልተቻለ ያን ቀን አለመውጣት ይሻላል። የዓሣ ወጥመድ ማሰሪያ ገመዶችም በብዛት ያሉት እዚያው ነው። በበጋ ጠዋት ጉም ሲወርድ ተንሳፋፊ ምልክታቸው አፍንጫ ሥር እስኪደርስ አይታይም።

የመጠበቂያውን ቀን ማባከን

ባሕሩ የሚከፈትበት ቀን ሲመጣ ነዳጅ ያልሞላ፣ ውኃ ያልቀዳ፣ የተቀደደ ሸራ ያልሰፋ ሰው ስንቱን አይቻለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በመጠበቂያው ቀን ማለዳ ወደ ዓሣ አጥማጆቹ መትከያ ይውረዱ። እነሱ ካልወጡ ምክንያት አለ። ስለ ወጡ ብቻ ግን ተከትለው አይውጡ፤ ብርቱ ሞተር አላቸው፣ ደለሉንም እንደ ግቢያቸው ያውቁታል። የሳምንቱን ትንበያ ለአሳብ ያህል ይዩት፤ ውሳኔውን ግን የመነሻው ዕለት ጠዋት በወጣው ላይ ያድርጉ።

ሳው ቪሴንቴን ሲያልፉ ዳርቻው ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል፤ ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣው ሞገድም ከኋላ ይቀራል። በሳግሬሽ፣ ባሌይራ በምትባለው ወሽመጥ መልሕቅ ጥዬ የተኛሁት እንቅልፍ እስካሁን ትዝ ይለኛል።