«ሞቆ ነው» ከማለታችሁ በፊት፦ ፕሮሰሰርን በከባድ ጭነት እንዴት እንደምትፈትሹ

ኮምፒውተሩ ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ሲሆን ደህና ነው። ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ወይም ከበድ ያለ ጌም ስትጀምሩ ግን ስታክ ያደርጋል፣ ብሶበት ከሆነ ራሱ ሪስታርት ያደርጋል። ሁሉም ሰው ወዲያው «ሞቆ ነው» ይላችኋል። ሊሆን ይችላል። ግን ሙቀት ሌላ፣ መረጋጋት ሌላ ነው። 95 ዲግሪ ላይ ሆኖ አንድም ስህተት ሳይሠራ የሚውል ፕሮሰሰር አለ፤ 65 ዲግሪ ላይ ሆኖ ሒሳብ የሚሳሳትም አለ። ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ ነው የምንፈትሸው።

መጀመሪያ የከፈታችሁትን ሥራ ሁሉ ሴቭ አድርጋችሁ ዝጉ። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ሰኩ፤ በባትሪ ሲሆን ፍጥነቱን ስለሚቀንስ ውጤቱ ያታልላችኋል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። አልጋ ላይ ከሆነ የምትፈትሹት ብርድ ልብሱን ነው።

ከዚያ የሙቀት ማንበቢያ ያስፈልጋል። ለዊንዶውስ ኤችደብልዩኢንፎ በነጻ ይገኛል። ሲከፈት «ሴንሰርስ ኦንሊ» የሚለውን ምረጡ። የቁጥር መዓት ይመጣል፣ አትደንግጡ። ኢንቴል ከሆነ «ሲፒዩ ፓኬጅ»፣ የኤኤምዲ ራይዘን ከሆነ «ቲዳይ» የሚለውን የሙቀት ረድፍ ፈልጉ፣ ከሱ ጋር የኮሮቹን (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራውን የሚካፈሉትን ክፍሎች) ፍጥነት አብራችሁ እዩ። ሊኑክስ ለምትጠቀሙ ሙቀት ለማንበብ ኤልኤም ሴንሰርስ፣ ጭነት ለመስጠት ስትረስ ኤንጂ ይበቃሉ።

ምንም ሳትከፍቱ አሥር ደቂቃ ያህል ተዉት። ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ያሳያል። ሥራ ሳይኖረው 70 ከሆነ ፈተናውን አትጀምሩ፣ መጀመሪያ ኩለሩን (ፕሮሰሰሩን የሚያቀዘቅዘውን ዕቃ) እዩ። እኔ አንዴ በገዛ እጄ የገጠምኩት ኮምፒውተር እንዲህ አድርጎኝ ሴንሰሩን ስራገም ቆይቼ ኩለሩን ስፈታው፣ ከታቹ የተለጠፈውን ላስቲክ ሳልልጥ አስሬው ኖሯል።

አሁን እናሙቀው። ሲኒቤንች በሚባለው መፈተኛ ፕሮግራም የማልቲ ኮር (ሁሉንም ኮር የሚያሠራ) ፈተና ጀምሩ፣ አሥር ደቂቃ። ይህ ከእውነተኛ ሥራ ጋር ይቀራረባል። ከዚያ ፕራይም95 የሚባል ፕሮግራም ላይ «ስሞል ኤፍኤፍቲ» የሚለውን መርጣችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አስኪዱት። ይሄኛው ጨካኝ ነው፤ በዕለት ተዕለት ሥራችሁ የማታዩትን ሙቀት ያወጣል። በውሃ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ውሃው እስኪሞቅ ጊዜ ስለሚፈጅ ጨመር አድርጉለት።

ከመጨረሻው ቁጥር ይልቅ አወጣጡን ተመልከቱ። በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ 100 ከደረሰ፣ ብዙውን ጊዜ ኩለሩ በትክክል አልተቀመጠም ወይም ቴርማል ፔስቱ (በፕሮሰሰሩና በኩለሩ መካከል የሚቀባው) ደርቋል ማለት ነው የሚሆነው። ቀስ እያለ፣ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ዲግሪ በዲግሪ ከወጣ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የአየር ነው፦ አቧራ የዘጋው ፋን፣ የታፈነ ኬዝ። የኬዙን ክዳን ከፍታችሁ ድገሙት። ሙቀቱ በብዙ ዲግሪ ከወረደ መልሱን አገኛችሁ።

ስንት ዲግሪ ይበዛል? እንደ ፕሮሰሰሩ ነው። የብዙ ኢንቴሎች ጣሪያ 100 ነው። አብዛኞቹ የራይዘን 7000 ቤተሰቦች 95 ላይ እንዲሠሩ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፣ 7800ኤክስ3ዲ ግን 89 ነው። ጣሪያው ላይ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፍጥነቱ አምራቹ ካስቀመጠው ቤዝ (መነሻ) ፍጥነት በታች ከወረደ ያኔ ችግር አለ።

ቀጥሎ መረጋጋት። ፕራይም95 ላይ «ብሌንድ»ን ምረጡ፤ ራሙንም አብሮ ያስጨንቃል። ለጅምር አንድ ሰዓት፣ ኦቨርክሎክ ካደረጋችሁ (ፍጥነቱን ከተሠራበት በላይ ከጨመራችሁ) ሌሊቱን ሙሉ። ፕሮግራሙ ትክክለኛውን መልስ አስቀድሞ ያውቃል፤ የእናንተ ማሽን ያወጣውን ከሱ ጋር ያስተያያል። «ራውንዲንግ ዋዝ 0.5» የሚል መስመር ወጥቶ አንዱ ወርከር (ሒሳቡን ከሚሠሩት የፕሮግራሙ ክፍሎች አንዱ) ከቆመ፣ ኮምፒውተሩ ባይጠፋም ወድቋል። «አንድ ስህተት ብቻ ናት» ብላችሁ አትለፉት፣ ነገ ያቺው ስህተት ፋይላችሁ ውስጥ ትገባለች። ፕሮግራሙ ራሱ ትልልቅ ፕራይም ቁጥሮችን ለመፈለግ የተሠራ ነው፤ የኢንቴል ስካይሌክ ፕሮሰሰሮች ላይ የነበረን ስህተት አጋልጦ ኢንቴል በ2016 እ.ኤ.አ. በባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ማሻሻያ እንዲያስተካክል አድርጓል።

ሲያልቅ የዊንዶውስ ኢቨንት ቪወርን ክፈቱና «ሲስተም» ውስጥ «ደብልዩኤችኢኤ ሎገር» የሚል (የሃርድዌር ስህተት መዝገብ) ካለ እዩ። ፈተናውን ያለፈ ማሽን እዚያ ስህተት ደብቆ ሊገኝ ይችላል። ቮልቴጅ የቀነሳችሁ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ አንድ ኮር ብቻውን ሲሠራ ነው ከፍተኛ ፍጥነቱ ላይ የሚወጣው። በሙሉ ጭነት ሌሊቱን ያደረ ማሽን ብሮውዘር ስትከፍቱ ሊወድቅ ይችላል። ኮርሳይክለር ኮሮቹን አንድ በአንድ ስለሚፈትሽ ለዚህ እሱን ተጠቀሙ።

ከወደቀ ባዮሱን ወደ ዲፎልት መልሱ፣ የራሙን ኤክስኤምፒ (ራሙን በከፍተኛ ፍጥነት የሚያሠራውን ምርጫ) አጥፉ፣ እንደገና ፈትሹ። አሁን ካለፈ የቀየራችሁትን አንድ በአንድ እየመለሳችሁ ጥፋተኛውን ያዙት። ሁለት ለውጥ አንድ ላይ ከመለሳችሁ ግን ልፋታችሁ ከንቱ ነው። 13ኛና 14ኛ ትውልድ የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ያላችሁ ባዮሱን አፕዴት ሳታደርጉ ምንም አትጀምሩ፤ ከቮልቴጅ ጋር የተያያዘ ያለመረጋጋት ችግር እንዳለ ኢንቴል ራሱ በ2024 እ.ኤ.አ. አምኖ ማስተካከያ አውጥቷል።

በዲፎልትም ከወደቀ ራሙን በሜምቴስት86 ለብቻው ፈትሹ። ራሙ ንጹሕ ሆኖ ፕራይም95 አሁንም ከተሳሳተ፣ ስህተቱን ስክሪንሹት አንሱና ዋስትናው ሳያልቅ ወደ ሻጩ ውሰዱት። «አንዳንዴ ይጠፋል» ካላችሁ እዚያ ስትደርሱ በደንብ ይሠራል፣ የታወቀ ነው።