ለኮንትራ ዳንስ እንቅስቃሴዎች ስም ስትመርጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአሜሪካ ኒው ኢንግላንድ ሥር የሰደደው ኮንትራ ዳንስ የሚመራው በድምፅ ነው። ጥንዶች በረጃጅም ሰልፍ ይቆማሉ፤ ኮለር የሚባለው መሪ ቀጥሎ የሚመጣውን እንቅስቃሴ እየጠራ ያስኬዳቸዋል። ጀማሪ የሚመካው በዚያ ስም ብቻ ስለሆነ ስሙ ካደናገረው ሰልፉ ይተረማመሳል።

አንዱ ስህተት ስም ማርዘም ነው። ዜማው አንድ ጊዜ ተጫውቶ እስኪያልቅ 64 ምት አለው፤ አብዛኛው እንቅስቃሴ 8 ምት ይወስዳል። ጥሪው ማለቅ ያለበት ያለፈው እንቅስቃሴ ገና ሳያበቃ ነው። ማብራሪያው በልምምዱ ላይ ይለቅ፤ ሙዚቃው ከጀመረ በኋላ ሁለት ሦስት ቃል ይበቃል።

ከሁሉ የሚከፋው ሰው የሚያስከፋ ስም ይዞ መቀጠል ነው። ሁለት ሰዎች ሳይነካኩ፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ የሚዞሩበት እንቅስቃሴ ለረጅም ጊዜ «ጂፕሲ» ሲባል ኖሯል። ብዙ የሮማ ሕዝብ (በዚህ ቃል ሲጠራ የኖረ፣ ከሮም ከተማ ጋር የማይገናኝ ብሔረሰብ) አባላት ቃሉን እንደ ስድብ ስለሚቆጥሩት በርካታ ኮለሮች «ራይት ሾልደር ራውንድ»፣ ማለትም የቀኝ ትከሻ ዙር፣ ማለት ጀምረዋል። ለእኔ ለውጡ ለማስተማርም ትልቅ ጥቅም አለው፤ አሮጌው ስም በየትኛው በኩል እንደሚኬድ አይናገርም ነበር። ይሁንና ዶ ሲ ዶ የሚባለው ሌላ እንቅስቃሴም የሚጀምረው በቀኝ ትከሻ በመተላለፍ ነው። በዶ ሲ ዶ ዳንሰኛው ፊቱን ወደ አንድ አቅጣጫ እንዳደረገ ጀርባ ለጀርባ ያልፋል፤ በቀኝ ትከሻ ዙር ግን ዓይኑን ከባልደረባው አይነቅልም። ይህን ስሙ ስለማይነግራቸው ቆማችሁ አሳዩአቸው።

ሚናን በፆታ መጥራትም ችግር አለው፤ ሁለት ሴቶች ወይም ሁለት ወንዶች አብረው ሲደንሱ ጥሪው ማንን እንደሚመለከት ይጠፋቸዋል። አሁን የተለመዱት «ላርክ» እና «ሮቢን» የወፍ ስሞች ናቸው፤ የመጀመሪያ ፊደሎቻቸው ከእንግሊዝኛው ግራና ቀኝ ጋር ስለሚገጥሙ ላርክ በግራ፣ ሮቢን በቀኝ እንደሚቆም በቀላሉ ይታወሳል።

ለአንድ እንቅስቃሴ በአንድ ምሽት ሁለት ስም አትጠቀሙ። ሁለት ሰዎች እጅ ተያይዘው የሚዞሩበትን እንቅስቃሴ «አለማንድ» ብላችሁ ከጀመራችሁ «የእጅ ዙር» ወደሚል አትዙሩ።

መጠኑን መዝለልም ያሳስታል። አለማንድ አንድ ዙር ከሆነ ዳንሰኛው ወደ ተነሳበት ቦታ ይመለሳል፤ አንድ ተኩል ከሆነ የባልደረባውን ቦታ ይይዛል። «አለማንድ ግራ» ብቻ ካላችሁ ግማሹ ሰው እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ቆሞ ቀጣዩን ጥሪ ይጠብቃል።