የኮምፖስት ሻይ ሲበላሽ፦ ለደጋው የሰሜን ሸዋ ጓሮ ችግርና መፍትሄ

ሻይ ስለተባለ የሚፈላ እንዳይመስላችሁ። በደንብ የተብላላ ኮምፖስት ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ አየር እየተነፋበት፣ በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች፣ ፈንገሶችና ፕሮቶዞዋዎች (ባለ አንድ ሕዋስ ጥቃቅን ፍጥረታት) እንዲባዙ የሚደረግበት ነው። እኔ ደብረ ብርሃን ጓሮዬ ውስጥ ለነጭ ሽንኩርትና ለጎመን የማዘጋጀው በ20 ሊትር ባልዲ ነው፦ አንድ ኪሎ ያህል ኮምፖስት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሞላሰስ (ከስኳር ምርት የሚተርፍ ጥቁር ወፍራም ፈሳሽ)፣ የዓሣ ገንዳ የአየር ፓምፕ፣ ከ24 እስከ 36 ሰዓት። በትክክል የደረሰ ሻይ ክረምት ሲገባ የመጀመሪያው ዝናብ የነካው አፈር የሚሸተውን ይሸታል። ከዚያ የወጣ ነገር ሁሉ ምክንያት አለው።

ምልክት፦ የተበላሸ እንቁላል ወይም የሆምጣጤ ሽታ

ኦክስጅን አልቋል ማለት ነው። ይህ ችግር እኛን ደገኞቹን ይበልጥ የሚፈትነን በከፍታችን ምክንያት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን፣ በእኩል ሙቀት ከባሕር ዳርቻ ካለ ውሃ ጋር ሲነጻጸር፣ ከሩብ በላይ ያንሳል። ስለዚህ ቆላ ላይ የሚበቃ ፓምፕ እዚህ ላይበቃ ይችላል። እኔም መጀመሪያ ላይ «እንዲጠነክር» ብዬ ሞላሰሱን እጥፍ አድርጌ ጨምሬ ነበር። ስኳሩን ያገኙት ባክቴሪያዎች በአንድ ሌሊት ተራብተው ያለውን አየር ጨረሱት፤ ጠዋት ክዳኑን ስከፍት መቆም አልቻልኩም።

መፍትሄው ሞላሰሱን መቀነስ፣ የአየር ቱቦውን እስከ ባልዲው ታች ማውረድ፣ ኮምፖስቱንም በጆንያ አጭቆ ከማሰር ይልቅ ላላ አድርጎ ማንጠልጠል ነው። የገማውን ለማዳን አትድከሙ፤ ኮምፖስት ክምሩ ላይ ድፉት እንጂ ሰብል አታጠጡ። መብራት ከጠፋ በየጥቂት ደቂቃው በእንጨት በኃይል አማስሉ። ቶሎ የማይመለስ ከመሰላችሁና ሽታው ገና መልካም ከሆነ፣ ሳይደርስም ቢሆን ወዲያው አፈር ላይ አፍስሱት። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ያላችሁ ደግሞ ሙቀቱ ሁሉን ስለሚያፋጥነው ጥላ ሥር አዘጋጁ፣ ሰዓቱንም አሳጥሩ።

ምልክት፦ ቀኑ ሞልቶም ውሃው እንደነበረ ነው

ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ በሚወርድበት ጊዜ ተህዋሲያኑ ያንቀላፋሉ። ውሃውን ቀን ፀሐይ ላይ አሙቁት፣ ባልዲውን ቤት አስገቡና በአሮጌ ባና ወይም ዝተት ጠቅልሉት። እንዲያም ሆኖ እስከ 48 ሰዓት ሊፈልግ ይችላል።

ብርድ ካልሆነ ተህዋሲያኑን የሚገድለው የቧንቧ ውሃ ማከሚያ፣ ክሎሪን ነው። የቧንቧ ውሃ አፉን ከፍታችሁ አንድ ቀን አሳድሩት። የዝናብ ወይም ንጹሕ የምንጭ ውሃ ካላችሁ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም።

ምልክት፦ ሻይው ጥሩ ነው፣ ሰብሉ ግን ለውጥ የለውም

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ሻይ ዩሪያን አይተካም፤ የሚይዘው ንጥረ ነገር ጥቂት ነው። የሰብል በሽታን በመከላከል በኩልም የተደረጉት ምርምሮች ውጤት የተለያየ ነው። ደግሞም ሻይ ኮምፖስቱ ውስጥ የሌለውን አይፈጥርም። ደጋችን ላይ እበቱ ኩበት ይሆናል፣ ገለባው ለከብት ይሄዳል፤ ክምሩ በተረፈው ነገር ይሠራል። ከአንድ ዓይነት ነገር የተሠራ ኮምፖስት ደግሞ የተህዋሲያኑን ዓይነት ያጠብባል። አረንጓዴ ሣር፣ የባቄላ ገለባ፣ የተከተፈ ቅርንጫፍ፣ ከአጥራችሁ ወይራ ወይም ኮሶ ሥር የበሰበሰ ቅጠል ቀላቅሉበት፤ ፈንገሶቹ የሚወዱት እንጨት እንጨት የሚለውን ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን ዘይቱ ስለሚያስቸግርና ለመበስበስ ስለሚዘገይ አታብዙ። ክምሩ በሁሉም አቅጣጫ ከአንድ ሜትር ካነሰ በእኛ ብርድ አይግልም፤ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ቀናት መቆየት አለበት። ሳይግል የቀረ እበት የሆድ በሽታ አምጪ ጀርም ይዞ ይቀራል፣ ሞላሰስ ሲጨመርበት ደግሞ ያ ጀርም ይራባል። ስለዚህ ሰላጣና ጥሬውን የሚበላ ማንኛውም ቅጠል ላይ አትርጩ።

የምታፈሱበት መሬትም ምግብ ይፈልጋል። ባዶ አፈር ላይ የወረደ ተህዋስ የሚበላው አያገኝም። መጀመሪያ ኮምፖስቱን ራሱን በትኑ፣ በሣር ሸፍኑ፣ ሻይውን ከዚያ በኋላ አጠጡ። ፓምፑ ከቆመ በኋላ በአራት ሰዓት ውስጥ ተጠቀሙበት። ከቀትር ፀሐይ ይልቅ አመሻሹ ይሻላል።

ምልክት፦ ከተረጨ በኋላ ቅጠሉ ተጠማዘዘ

ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የመርጫው ነው። ቱፎርዲ (2,4-D የተባለው ፀረ አረም) የገባበት መርጫ ምንም ቢታጠብ ባቄላንና ድንችን የሚጎዳ ቅሪት ሊይዝ ይችላል፤ ፀረ ፈንገስ የነበረበት ደግሞ ያራባችሁትን ፈንገስ ራሱን ይገድላል። ለሻይ ብቻ የሚሆን መርጫ ለዩ፣ ከሌላችሁም በወንፊት አጥልላችሁ በውሃ ማጠጫ ጣሳ ሥሩ ላይ አፍስሱት።