ወጣት ዋናተኞች በመጀመሪያዎቹ የውድድር ዓመታት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስዊድናዊቷ ሳራ ሾስትሮም እ.ኤ.አ. በ2008 የአውሮፓ ሻምፒዮን ስትሆን ገና 14 ዓመቷ ነበር። በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ደግሞ በ30 ዓመቷ በ50 እና በ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ሁለት ወርቅ ወሰደች። በመሃል 16 ዓመት አለ። በልጅነታቸው ጎልተው የታዩ ብዙ ዋናተኞች ግን ያን ያህል አይዘልቁም። 18 ዓመት ሳይሞላቸው ትከሻቸው ይጎዳል፣ ወይ ገንዳ ማየት ያስጠላቸዋል።

ይህ ሁሉ የተሰጥኦ ጉዳይ አይደለም። ከ11 እስከ 16 ዓመት ባለው ጊዜ የሚለመዱ ነገሮች ትልቅ ድርሻ አላቸው። እኔ እንደማምነው የእነዚህ ዓመታት ዋና ሥራ ሜዳሊያ መሰብሰብ አይደለም፤ ወደፊት ከባድ ልምምድ የሚችል አካልና ድካም የማያበላሸው ቴክኒክ መገንባት ነው። ከታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች በአብዛኛው የሚመጡት ይህ ሲረሳ ነው።

በ12 ዓመት የተመዘገበን ሰዓት እንደ መጨረሻ ፍርድ ማየት

በዚህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ቀድሞ ያደገው ልጅ ነው። አንዱ የ12 ዓመት ልጅ ጎረምሳ መስሏል፣ ሌላው ገና ልጅ ነው፤ ግን ጎን ለጎን መስመር ይዘው ይወዳደራሉ። ረጅሙ ልጅ ክንዱ ይረዝማል፣ መዳፉ ይሰፋል። በቴክኒክ ቢበለጥ እንኳ በጉልበት ይቀድማል። ከሦስት አራት ዓመት በኋላ ሌሎቹ በቁመት ሲደርሱበት ግን ሳይማረው ያለፈው ነገር ሁሉ ይታያል። ስለዚህ ቀድሞ ያደገው አይዘናጋ፣ ዘግይቶ የሚያድገውም ተስፋ አይቁረጥ።

እንግሊዛዊው አዳም ፒቲ በልጅነቱ ውሃ ይፈራ ነበር። ከአሰልጣኙ ሜል ማርሻል ጋር በቁም ነገር መሥራት የጀመረው በ14 ዓመቱ ገደማ ነው። በሪዮም በቶክዮም ኦሊምፒክ የ100 ሜትር የደረት ቀዘፋ ወርቅ የእሱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ርቀቱን በ56.88 ሰከንድ ዋኝቶ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገበ።

ሌላም ነገር አለ። ልጁ ቁመት በሚጥልበት ጊዜ ሰዓቱ ለወራት አልሻሻል ሊል ይችላል። ክንድና እግር ረዝመዋል፣ አእምሮ ግን የለመደው የድሮውን ልክ ነው። የእጅና የእግር ቅንጅት ይጠፋል፣ በተለይ በደረትና በቢራቢሮ ቀዘፋ። ሴት ልጆች ላይ የሰውነት ቅርጽ ሲለወጥ ውሃ ላይ የሚንሳፈፉበት ሚዛንም አብሮ ይለወጣል። ይህ ያለና የሚያልፍ ነው። ደንግጦ አሰልጣኝ መቀየር ወይም ልምምዱን እጥፍ ማድረግ አያስፈልግም። በእነዚህ ወራት የሚጠቅመው መሠረታዊ የቴክኒክ መልመጃዎችን በአዲሱ ቁመት እንደገና መሥራት ነው።

ገና በልጅነት አንድ ቀዘፋ ብቻ መምረጥ

"እኔ የቢራቢሮ ነኝ" የሚል የ11 ዓመት ልጅ ሲያጋጥመኝ ያሳስበኛል። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቀዘፋ መሥራት አንድ ዓይነት ጡንቻና መገጣጠሚያ ላይ ጫና ይደራርባል። አራቱንም (ነጻ፣ ጀርባ፣ ደረትና ቢራቢሮ) የሚችል ልጅ ደግሞ በኋላ የትኛው እንደሚሆነው ለማየት ዕድል ያገኛል። ካናዳዊቷ ሰመር ማኪንቶሽ በ14 ዓመቷ ቶክዮ ላይ በ400 ሜትር ነጻ ቀዘፋ አራተኛ ወጣች። ከሦስት ዓመት በኋላ ፓሪስ ላይ ሦስት ወርቅ ስታገኝ አንዱም የነጻ ቀዘፋ አልነበረም። አንዱን በቢራቢሮ፣ ሁለቱን አራቱም ቀዘፋዎች በተራ በሚዋኙበት በድብልቅ ቀዘፋ ነው ያሸነፈችው።

ቴክኒኩ ሳይስተካከል ርቀት መጨመር

ብዙ ጉዳት የሚመጣው ከዚህ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የውሃ ጥግግት ከአየር 800 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ የውሃው ተቃውሞ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ጉልበት በመጨመር ብቻ ሩቅ አይኬድም። ቀድሞ የሚመጣው ውሃው የሚይዘውን ነገር መቀነስ ነው።

በነጻ ቀዘፋ ከገንዳው ዳር ቆሞ ማየት የሚቻለውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ጭንቅላት። ዓይን ወደ ፊት ሲያይ ጭንቅላት ቀና ይላል፣ ዳሌና እግር ይሰምጣሉ። የሚታየው የገንዳው ወለል መሆን አለበት። አየር ሲሳብ ጭንቅላት ወደ ጎን ይዞራል እንጂ አይነሳም፤ ከመነጽሩ አንዱ ዓይን ውሃ ውስጥ ከቀረ ልክ ነው።

ቀጥሎ እጅ። እጅ ውሃ ውስጥ የሚገባው በትከሻ ትይዩ ነው። የሰውነትን መሃል መስመር አልፎ ከገባ ሰውነት ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። በአውራ ጣት በኩል የሚያስገቡም አሉ። ይህ ክንድን ወደ ውስጥ አዙሮ ትከሻ ላይ ጫና ያሳድራል። አንዴ ሁለቴ ምንም አይደል፤ በየልምምዱ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ሲደጋገም ግን ሌላ ነው። የጣት ጫፎች ቀድመው ይግቡ፣ መዳፍ ወደ ታች ይይ።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ክርን ነው። እጅ ከገባ በኋላ ክርን ከፍ ብሎ መቆየት አለበት። የፊት ክንድና መዳፍ አንድ ላይ ወደ ታች ይታጠፉና ውሃውን ወደ ኋላ ይገፋሉ። ክርን ቀድሞ ሲወድቅ እጅ የሚገፋው ውሃውን ወደ ታች ነው። ያኔ ደረት ከፍ ይላል እንጂ ሰውነት ወደ ፊት አይሄድም። ልጁ ግን ጉልበቱን ጨርሷል።

አንድ ቀላል መፈተሻ አለ። ገንዳውን አንዴ ለማቋረጥ ስንት ጊዜ እንደምትቀዝፉ በልምምዱ መጀመሪያ ቁጠሩ፣ መጨረሻ ላይም ቁጠሩ። አንድ ሁለት መጨመር ያለ ነው። መጀመሪያ 18 የነበረው 24 ከሆነ ግን በዚያ ሰዓት የምትለማመዱት መጥፎ አዋኛኘት ነው፤ ሰውነትም የሚይዘው እሱን ነው። እንዲህ ሲሆን ርቀቱን ማሳጠር ወይም እረፍቱን ማርዘም ይሻላል። አሰልጣኙ ይህን ካላየ ልጁ ራሱ ይንገረው።

የትከሻ ሕመምን ደብቆ መዋኘት

አሜሪካዊቷ ሚሲ ፍራንክሊን በ17 ዓመቷ በለንደን ኦሊምፒክ አራት ወርቅ አገኘች። በ23 ዓመቷ ከዋና ተሰናበተች፤ ምክንያቱ ሥር የሰደደ የትከሻ ሕመም ነበር።

የጡንቻ ድካምና የመገጣጠሚያ ሕመም የተለያዩ ናቸው። ድካም ሰፋ ብሎ ይሰማል፣ በሁለቱም ክንድ ይሆናል፣ በማግስቱ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ይለቃል። የሚያሰጋው በአንድ በኩል ጠቅ የሚያደርግ፣ ክንድ ከራስ በላይ ሲነሳ የሚብስ ወይም ሌሊት በዚያ ጎን አላስተኛ የሚል ሕመም ነው። ያኔ ማስታገሻ ውጦ ገንዳ መግባት የለም። ለአሰልጣኝ ይነገራል፣ መዳፍ ላይ የሚታሰረው የልምምድ መቅዘፊያ ይቀመጣል፣ ሕመሙ ከቀጠለ ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ያየዋል።

"እሺ፣ እግር ብቻ ልሥራ" ብሎ በእጅ የሚያዘውን ተንሳፋፊ ሰሌዳ መያዝም አንዳንዴ ያብሳል። ክንድ ወደ ፊት ተዘርግቶ ሰሌዳ ላይ ሲጫን የታመመው ትከሻ ይጨነቃል። እጅን ከጎን አድርጎ በጀርባ ተንሳፎ እግር መምታት ይሻላል።

ግድግዳውን እንደ ማረፊያ ማየት

በ25 ሜትር ገንዳ 4000 ሜትር የሚሠራ ልጅ በአንድ ልምምድ ግድግዳውን 160 ጊዜ ገደማ ይነካል። እያንዳንዱ የመዞሪያ ልምምድ ሊሆን ይችል ነበር። ብዙዎች ግን እዚያ ጋ ትንሽ ያርፋሉ። ሁለት ቀዘፋ ሲቀር አየር ይስባሉ፣ ሰነፍ ብለው ይዞራሉ፣ ከግድግዳው ተገፍተው ሲወጡ ወዲያው ቀና ይላሉ፣ በመጀመሪያው ቀዘፋ ላይ ደግሞ እንደገና ይተነፍሳሉ። ውድድር ላይም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ከመነሻው ዝላይ ቀጥሎ በውድድር ውስጥ ትልቁ ፍጥነት ያለው ከግድግዳ ተገፍቶ ሲወጣ ነው። ያን ፍጥነት ማባከን ያሳዝናል። ክንዶች ከጆሮ ኋላ ይጣበቁ፣ መዳፍ በመዳፍ ላይ ይደረብ፣ ሆድ ይያዝ። በነጻ፣ በጀርባና በቢራቢሮ ቀዘፋ ሕጉ እስከ 15 ሜትር ከውሃ በታች መሄድ ይፈቅዳል። ጀማሪ ያን ሁሉ መሄድ የለበትም፤ ፍጥነቱ ሳይሞት እስከሚወጣበት ድረስ ይበቃዋል።

በዚሁ ምክንያት የ25 ሜትር ገንዳ ሰዓት ከ50 ሜትሩ ጋር አይወዳደርም። 200 ሜትር በአጭሩ ገንዳ ሰባት መዞሪያ አለው፣ በረጅሙ ሦስት ብቻ። ወደ 50 ሜትር ገንዳ ሄዶ ሰዓቱ ሲረዝም የሚያለቅስ ልጅ ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ሕጉን ውድድር ላይ መማር

በደረትና በቢራቢሮ ቀዘፋ ሲዞሩም ሲጨርሱም ግድግዳው በሁለት እጅ በአንድ ጊዜ ይነካል። በድብልቅ ቀዘፋ ከጀርባ ወደ ደረት ሲታለፍ ግድግዳውን የሚነኩት በጀርባ ሆነው ነው። ከመነሻ ምልክቱ በፊት የተነሳ ከውድድር ይሰረዛል። ኢያን ቶርፕ እ.ኤ.አ. በ2004 የአውስትራሊያ የኦሊምፒክ ማጣሪያ ላይ ሚዛኑን ስቶ ከመድረኩ ውሃ ውስጥ ወደቀ። የ400 ሜትር የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ቢሆንም ተሰረዘ። አቴንስ ላይ ሊዋኝ የቻለው የአገሩ ልጅ ክሬግ ስቲቨንስ ቦታውን ስለለቀቀለት ነው፤ ወርቁንም ወሰደ። እንዲህ ያለ ዕድል ግን ለሁሉም አይገኝም።

በውድድር ቀን አዲስ ነገር መሞከር

አዲስ መነጽር፣ አዲስ የዋና ልብስ፣ አዲስ ቁርስ፤ ሁሉም በልምምድ ይሞከሩ። መነጽር ሁለት ይያዝ። አሜሪካዊው ማይክል ፌልፕስ ቤይጂንግ ኦሊምፒክ ላይ በ200 ሜትር ቢራቢሮ ፍጻሜ መነጽሩ ውሃ ሞላበት። ግድግዳው የት እንዳለ ያወቀው ቀዘፋውን እየቆጠረ ነበር። በ1:52.03 የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። ቅድም መቁጠርን ያነሳሁት ለዚህም ይጠቅማል።

እንቅልፍንና ምግብን ከልምምድ ውጭ አድርጎ ማሰብ

በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያህል መተኛት አለበት። ማለዳ ልምምድ ያለው ልጅ እኩለ ሌሊት ድረስ ስልክ ይዞ ከቆየ አካሉ መቼ ይጠገን? ውሃ ውስጥ ላብ ስለማይታይ ብዙዎች መጠጣት ይረሳሉ፤ ኮዳው ገንዳው ዳር ይቀመጥ።

"ቀለል ብል እፈጥናለሁ" ብለው ምግብ የሚቀንሱ ልጆች ጉዳይ በጣም ያሳስበኛል። እያደገ ያለ አካል ላይ ይህ አጥንትንም ይጎዳል። ሴት ልጅ የወር አበባዋ ለወራት ከቀረ "ስፖርተኛ ስለሆነች ነው" ተብሎ አይታለፍም። ሐኪም ዘንድ ትሂድ።

ትንፋሽ ይዞ መፎካከር

ይህ ስህተት ይገድላል። ልጆች በፍጥነት ደጋግመው ይተነፍሱና ከውሃ በታች ማን ብዙ እንደሚሄድ ይፎካከራሉ። ፈጣኑ አተነፋፈስ ደም ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወርደዋል። "አየር ሳብ" የሚለው ስሜት የሚመጣው ደግሞ በዋናነት ከእሱ ነው። ስሜቱ ሳይመጣ ኦክስጅን ያልቃል፣ ልጁ ምንም ሳይታወቀው ራሱን ይስታል። ጎበዝ ዋናተኛ መሆን አያድንም። ከውሃ በታች የሚሠራ ማንኛውም መልመጃ አሰልጣኝ እያየ፣ አጭር ሆኖ፣ በቂ እረፍት ኖሮት ይሁን። ብቻውን ማንም አይሞክረው።

መድኃኒትና ተጨማሪ ምግብ ሳያጣሩ መውሰድ

በዶፒንግ (የተከለከሉ አበረታች መድኃኒቶች) ሕግ ሰውነቱ ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው ራሱ ስፖርተኛው ነው። ሱዶኤፌድሪን የሚባለው በተለመዱ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር በውድድር ወቅት ከተወሰነ መጠን በላይ ከተገኘ ክልክል ነው። ለሐኪሙ "እወዳደራለሁ" ማለት ልማድ ይሁን። የጉልበት ዱቄትና እንክብልን በተመለከተ የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ በዚህ ዕድሜ አያስፈልጉም።

ወላጅ ሁለተኛ አሰልጣኝ ሲሆን

ወላጆች፣ ከመቀመጫችሁ ሆናችሁ ክርን አታርሙ። ልጁ ሁለት ድምፅ ሲሰማ የትኛውንም አይዝም። ከውድድር በኋላ ሰዓቱን ያውቀዋል፣ የውጤት ሰሌዳው ላይ አይቶታል። ውሃና ምግብ ስጡት። ማውራት ከፈለገ ራሱ ይጀምር።

ድካምን ስንፍና ማለት

ሲሞን ማኑኤል በሪዮ የ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ወርቅ ያገኘች ናት። እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካ የኦሊምፒክ ማጣሪያ በዚሁ ርቀት ለፍጻሜ እንኳ አልደረሰችም። በልምምድ ብዛት የሚመጣ ሥር የሰደደ ድካም እንዳለባት ተናገረች፤ ከዚያ በፊት ለሳምንታት ከውሃ ርቃ ነበር። በቀናት ልዩነት በ50 ሜትር ማጣሪያውን አሸንፋ ወደ ቶክዮ ሄደች።

አዋቂ ሻምፒዮን ላይ የደረሰው የ14 ዓመት ልጅ ላይም ይደርሳል፤ ልጁ ግን ስሙን አያውቀውም። እንቅልፍ ማጣት፣ ቶሎ ቶሎ መታመም፣ ያለ ምክንያት መነጫነጭ፣ ጠዋት ገና ሳይነሱ የልብ ምት ከወትሮው ከፍ ማለት፣ በቀላል ልምምድ መድከም፦ ከእነዚህ ሁለት ሦስቱ አብረው ለሁለት ሳምንት ከቆዩ ልምምዱ ይቀነስ። በሳምንት አንድ ሙሉ የእረፍት ቀን ይኑር። የውድድር ዘመኑ ሲያልቅም ልጁ ለሁለት ሦስት ሳምንት ከገንዳ ይራቅ፤ ኳስ ይጫወት፣ ብስክሌት ይንዳ። ሲመለስ የመጀመሪያው ሳምንት ውሃው ይከብደዋል፣ ስለዚህ በዚያ ሳምንት ሰዓት አይያዝበት።